የቸርኬው ምድጃና ሁለቱ ፍርግርጎች

ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ቁራሌው በበራችን ሲያልፍ ጠርታ ቸርኬዬን ልትሸጥብኝ ነበር። ሰውዬው በእግሩ ገፋ ገፋ እያደረገ ክብደቱን ሲገምት ከጓሮ ብቅ አልኩ። ደሜ ፈላ። ምስኪኑ ምንም አላጠፋም፣ ግን ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ በነገር ሸኘሁት። ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ለዝገት ብሎ ከሰው የሚጣላ ባል ሰጠኝ እኮ፣ አለች። እሷ ምን ታድርግ። በሷ ዓይን ሦስት እግር የተበየደለት አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው፣ ክረምት ውሃ ሲያቁር ዶሮ የሚጠጣበት። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳና እራቴን ያበሰልኩበት ምድጃ ነው።

ያኔ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍር ቡድን ጋር ሹፌር ነበርኩ። ከፊት የጭነት መኪናው፣ ከኋላ ካራቫኑ። ካራቫን የምንለው መኪናው የሚጎትተውን ባለጎማ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አራት አልጋና አንዲት መስኮት አለው፣ ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት አጥንት ድረስ ይበርዳል። አንድ ወር ጅጋ ገጠር እንከርማለን፣ ሌላውን ወር ቡሬ። ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ማሳ ዳር አቁመነው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጉጠን፣ ልብሳችንን በገመድ አስጥተን እንደ ባለርስት እንቀመጣለን። እውነቱን ልናገር፣ ያንን ኑሮ ዛሬም ይናፍቀኛል። ቤት ሠርቼ፣ በር ገጥሜ፣ ያንን የቆርቆሮ ቤት እናፍቃለሁ።

የቁፋሮው ኦፕሬተር የቡሬ ሰው ነበሩ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሙስሊም። ጋሼ እላቸው ነበር። ትንሽ የሚናገሩ፣ የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ካራቫን ውስጥ እሳት አይነድም አሉ፣ አለቀ። ስለዚህ ከኛ ጋር የሚዞር ምድጃ አስፈለገ። ከመኪናው የወጣ የተሰነጠቀ ቸርኬ ነበረኝ፤ ፍኖተ ሰላም አንድ በያጅ ዘንድ ወስጄ ታቹን በላሜራ አስደፈንኩት፣ ከፌሮ ሦስት እግርና ሁለት ጆሮ አስወጣሁለት። ከላይ የሚጣሉ የብረት ፍርግርጎች ደግሞ ሁለት አሠራሁ፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሳቸው። በአንድ ካራቫን እናድራለን፣ ከአንድ ጆግ እንጠጣለን፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ለየራሳችን ነን። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው፣ ማንም ማንንም አይቀየምበትም። ጋሼ የሳቸው ፍርግርግ እጀታ ላይ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠመጠሙበት። ከዚያ ካራቫኑ ጎን ላይ ሁለት ምስማር መታሁና የኔን በቀኝ፣ የሳቸውን በግራ ሰቀልን።

ቸርኬውን ስንጓዝ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ከካራቫኑ ኋላ እናስረዋለን። አንድ ቀን ጅጋ ላይ እሳቱ ጠፍቷል ብዬ፣ ፍሙን በደንብ ሳላራግፍ አሰርኩት። ገበያ ቀን ነበር። መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ይጮህልናል። እንዴት ያለ አክባሪ ሕዝብ ነው እያልኩ እኔም በመስኮት እጄን አወጣሁ፣ በጥሩንባ ሳይቀር አመሰገንኩ። ጋሼ በመስተዋቱ አይተው፣ ምስጋናውን ተወውና ኋላህን እይ፣ አሉኝ። ከረጢቱ ተቃጥሎ ካራቫኑን ጭስ ውጦታል። ከአንዲት ባለጠላ ባልዲ ውሃ ለምነን አጠፋነው። ወሩን ሙሉ የጅጋ ሕዝብ እንዴት ነው፣ እያሉ አሳቁብኝ።

በጾም ጊዜ የሳቸው ፍርግርግ ብቻውን ይሠራል፣ እኔ የጥብሱ ሽታ እንዳይመጣብኝ ነፋሱ ወደማይነፍስበት ዞሬ ሽሮዬን እበላለሁ። በሳቸው ጾም ደግሞ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ እሳት አላያይዝም፤ ማንም አላዘዘኝም፣ አንጀቴ እምቢ ስላለኝ ነው። አብረን የምንበላው በቆሎ ነበር። ከቆጋ የመስኖ እሸት ባገኘን ቁጥር ያለ ፍርግርግ ፍሙ ላይ እንደረድረዋለን፣ እሳቸው ሲያገላብጡ ጣታቸው አይቃጠልም፣ የኔ ይቃጠላል፣ ይስቁብኛል።

አንድ የፋሲካ በዓል ቡሬ ገጠር ሳለን መጣ። መሰርሰሪያው መሬት ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፣ ዕቃ እስኪመጣ ሌሎቹ ለበዓል ወደየቤታቸው ሄዱ። መኪናው በኔ ኃላፊነት ስለነበር እኔ ቀረሁ። ጋሼም ልጁ ብቻውን አይውልም ብለው ቀሩ። ቅዳሜ ለበዓሉ ብዬ ሁሉን ዕቃ አጠብኩ፣ ፍርግርጎቹንም አጥቤ ሰቀልኳቸው። እሑድ በጠዋት ጋሼ ጉዳይ አለኝ ብለው በእግር ወደ ቡሬ ሄዱ። የማሳው ባለቤት ከቅርጫቸው አንድ ሳህን ሥጋ ላኩልኝ። ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ሆድ ምን ይጠብቃል! ከልማድ እጀታውን ሳላይ በጨርቅ ይዤ ፍርግርጉን ከቀኙ ምስማር አወረድኩ፣ ሥጋውን ደረደርኩ፣ ጮማው ፍሙ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ምራቄን ዋጥ እያደረግኩ ላገላብጥ ጨርቁን ሳነሳ ሰማያዊውን ሽቦ አየሁት።

ክው አልኩ። ትናንት ሳጥብ አቀያይሬ የሰቀልኳቸው እኔው ነኝ። ሥጋውን በእጄ አነሳሁ፣ ጣቴ ተጠበሰ። ፍርግርጉን በአመድና በአሸዋ ፈተግኩት፣ በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ ደግሜ ፈተግኩት። አዲስ መሰለ። ቦታው መለስኩት። ያየኝ ሰው የለም። ለራሴ፣ ታጥቧል፣ አላወቅህም፣ ዝም በል፣ አልኩት። ገና የስድስት ወር ሥራ ከፊታችን አለ፤ ጋሼ ከተቀየሙኝ ያ ካራቫን ለኔ እስር ቤት ነው የሚሆነው። ዝም ልል ቆርጬ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጋሼ መጡ። በላብ ተጠምቀዋል፣ በእጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቡሬ ካለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝተው ነው። ይህን ያህል መንገድ ለምን እንደሄዱ ስጠይቃቸው፣ በዓልህን ብቻህን አትበላም፣ አንተ የራስህን እኔ የራሴን አጠገብ ላጠገብ እንጠብሳለን ብዬ ነው፣ አሉ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ፍርግርጋቸውን ከግራው ምስማር አወረዱ፣ ቸርኬው ላይ ጣሉት፣ ሥጋውን ከጋዜጣው ፈቱ።

«ጋሼ፣ አያስቀምጡት» አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማቀያየሬን፣ ጮማውን፣ በአመድ መፈተጌን፣ ዝም ልል ማሰቤን ሳይቀር። ሥጋውን መልሰው ጠቀለሉት።

«አጥበኸው ነበር፣ ማንም አላየህም» አሉ። «ለምን ነገርከኝ?»

መሬት መሬት አየሁ። ያን ቀን ባለማሳው የላኩልኝን ሥጋ ቀመስኩት እንጂ አልበላሁትም፣ ሃምሳ አምስት ቀን የጠበቅሁትን ሥጋ።

ከዚያ ሦስት ቀን ጋሼ ወደ ቸርኬው አልመጡም። ማሳው ማዶ ሦስት ድንጋይ ጎልተው ለብቻቸው ያበስሉ ነበር። ሰላምታ አልከለከሉኝም፣ ሥራም አብረን ነው የምንሠራው፣ ግን እኔ ባያያዝኩት እሳት አልሞቁም። በቆሎ ጠብሼ ባቀርብ ጠግቤያለሁ አሉ። ያ አንጀቴን በላው። ብንጣላ ይሻለኝ ነበር፣ ጠብ እኔ እችልበታለሁ፤ ዝምታውን አልቻልኩትም። ምነው አፌን በዘጋሁ ብዬ ራሴን ረገምኩ።

በአራተኛው ቀን የተጠየቀው ዕቃ መጣ ተብሎ ፍኖተ ሰላም ሄደው ሲመለሱ አዲስ ፍርግርግ ይዘው መጡ። ካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጠው እጀታው ላይ ሰማያዊ ሽቦ ጠመጠሙ፣ ቀስ ብለው፣ ዙሩን እያጠበቁ። እኔ ጎማ የማይ መስዬ በጎን አያቸዋለሁ። ጠሩኝ።

«ሃያ ዓመት በየገጠሩ ከሰው ጋር ስበላ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «ስንቱ ተሳስቶ ስንቱ ዝም እንዳለኝ አላውቅም። ሦስት ቀን የከነከነኝ እሱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። አንተ እንደምትነግረኝ አወቅሁ። እንካ፣ ይህችን አንተ ጠብቅልኝ።»

ከግራው ምስማር አልሰቀሏትም፤ እጄ ላይ ሰጡኝ። አሮጌዋን ሽቦዋን ፈትተህ ለራስህ አድርጋት አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ ባመጡ ቁጥር ፍርግርጓን የማወርድላቸው፣ አጥቤ የምመልሳት እኔ ሆንኩ። ማታውኑ በቆሎ ጠበስን፣ ጣቴ ተቃጠለ፣ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን ከጭስ በላይ እንባ ያቀረረ ይመስለኛል።

ቡድኑ ከተበተነ ቆየ። ካራቫኑ የት እንደደረሰ አላውቅም። ቸርኬውን ሳንለያይ ለምኜ ወሰድኩት፣ የሳቸውም ፍርግርግ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ ዕቃ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ጋሼ ሥራ ትተው ቡሬ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። በስልክ እንጠያየቃለን፣ ቡሬ ስሄድ ጎራ እላለሁ።

ቁራሌውን ባባረርኩ ማግስት ደወሉ። ለፋሲካ ልጃቸው ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት ያመጣቸዋል፤ ሥጋቸውን ከቡሬ ይዘው ነው የሚመጡት፣ እንደዚያን ጊዜው አጠገብ ላጠገብ እንጠብሳለን። ድምፃቸው ቀጥኗል። የኔዋ አለች ወይ፣ አሉኝ። አለች ጋሼ፣ አልኳቸው።

«እንግዲህ ዓይኔ ሄዷል» አሉ። «ሰማያዊውን ከጥቁሩ አልለይም። አንተ ለይተህ ጣልልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጨርቁን ስፈታው የሽቦው ሰማያዊ ነጥቷል፣ ዓይን ላለውም አይታወቅም። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ። ይህንን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችና ቸርኬውን ራሷ ከዶሮዎቹ ነጥቃ ታጥብ ጀመር። ፍርግርጓን ግን አላስነካኋትም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰው ነክቷት እንደሆነ ጋሼ አልጠየቁኝም።