የፍርደኛው ስንቅ

ሰው ስለ እህቴ ሲጠይቀኝ ሳላስበው ስለ ሰውየው ማውራት እጀምራለሁ። ስለ እሷ የምናገረው ብዙ የለኝም፤ ልጅ ነበረች፣ ሄደች። ስለ እሱ ግን ቂጣው ወፈር ሲልለት እንደሚወድ፣ ቃሪያ የበዛበት ሽሮ እንደሚያስነጥሰው፣ የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው ሳይቀር አውቃለሁ። እህቴን የሸጣት እሱ ነው።

ነጋዴ ነበር። ጨውና ቡና በበቅሎ እየጫነ ከእኛ አገር ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ቆላው ይመላለሳል። አባቴ በሕይወት ሳለ እኛ ቤት ያድር ነበር፤ አባቴ ከሞተም በኋላ ሲያልፍ ጎራ ማለቱን አልተወም። እናቴን «እመት» ይላታል፣ አንቱ እያለ ነው የሚያናግራት። አንድ ጊዜ ለእኔ መስተዋት፣ ለእህቴ ጨሌ አምጥቶልናል። ክፉ ሰው ከፊቱ ያስታውቃል የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔ እዚያ ፊት ላይ ምንም አላየሁም።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በዓመቱ ግድም እናቴን ቁርጥማት ጉልበቷን ያዛትና ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደች። እህቴን እንድትላላካት ይዛት ሄደች፤ እኔ ከብት የሚያይ ስላልነበረ ቤት ቀረሁ። ሰውየው እዚያው ፍል ውሃው ዘንድ አገኛቸው። እህቴ ሰልችቷት ቤት ካልሄድኩ እያለች ትነጫነጫለች፤ እናቴ ደግሞ የጀመረችውን መታጠብ ሳትጨርስ መነሳት አልፈለገችም።

«እኔ በዚያው አልፋለሁ እመት፣ አድርሻት እሄዳለሁ» አለ።

እናቴ ራሷ ደግፋ በቅሎው ላይ አወጣቻት። ብርድ እንዳይመታት የራሷን ነጠላ ደረበችላት።

እናቴ ታጥባ ጨርሳ ስትመለስ ደጅ ላይ እህል እያሰጣሁ ነበር። ጉልበቷ ተሽሏት ቀጥ ብላ ነው የመጣችው። «ልጅቱስ?» አለችኝ። «ካንቺ ጋር አይደለችም እንዴ?» አልኳት። የዚያን ቀን ቀሪውን አላስታውሰውም። እህሉን ማን እንዳስገባው እንኳ አላውቅም።

ሰውየው የተያዘው ይፋግ ገበያ ላይ ነው። ወራት አልፈው ነበር፤ ተረስቷል ብሎ ይሆናል፣ በቅሎ ሊሸጥ መጣ። የእናቴ ወንድም አየውና «በሕግ አምላክ!» ብሎ የኩታውን ጫፍ ከሰውየው ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረው። በዚያን ዘመን እንዲህ የተቋጠረ ሰው አይሮጥም ነበር፤ ቢሮጥ ገበያተኛው ሁሉ ይነሳበታል። እንደተቋጠሩ አብረው እየበሉ፣ አብረው እያደሩ ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። አጎቴ መንገዱን ሙሉ ልጅቱ የት ናት እያለ ሲለምነው ነው የመጣው። ሰውየው ግን «ለዳኛ እናገራለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ዳኛው ጣሊያን ነበር፣ አስተርጓሚው ኮት የለበሰ ያገራችን ሰው። ሰውየው አልካደም። «ለቆላ ነጋዴ ሸጥኳት» አለ፣ በሬ እንደሸጠ ሰው። ዳኛው የፈለገው ይኸንኑ ብቻ ነበር። ሸጠሃል? ሸጫለሁ። አለቀ። ለማን ነው፣ የት ወሰዷት፣ አሁን የት ትሆናለች ብሎ የጠየቀ የለም። አሥር ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ፈረደበት። አስተርጓሚው ደግሞ አዲሱ መንግሥት ባርነትን እንዳጠፋ፣ ሰው መሸጥ የድሮ ነውር እንደሆነ፣ እኛም እድለኞች እንደሆንን በረጅሙ አስረዳን። በዚያው ሰሞን ጠመንጃ ደብቀሃል የተባለ ሰው ገበያው መሐል ተሰቅሎ አይተን ነበር፤ እሱን ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

እናቴ ተነሳችና «ልጄስ?» አለች። አስተርጓሚው ለዳኛው እንኳ አልነገረላትም። «ተፈርዶልሽ የለ፤ ሌላ ምን ቀረሽ?» አላትና በሩን አሳያት።

የአገሩ ሰው ተናደደ። በድሮው ሕግ ሰው ሰርቆ የሸጠ ሞት ነበር ቅጣቱ፤ የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ «ይኼ ምን ፍርድ ነው» አሉ። እኔም እንዲሰቀል ነበር የምፈልገው። ስንወጣ ይኸንኑ ተናገርኩ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አፍሽን ዝጊ። እሱ ከሞተ የት እንዳለች ማን ይነግረኛል?» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን የቆመው ለዚህ ብቻ ነው፤ ሰውየው እንዳይሞት፣ ሳይሞትም እንዲነግረን።

እስረኞቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ለመኪና መንገድ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። መንግሥት የሚሰጣቸው ጭብጥ ዱቄት ነው፤ ሌላውን ስንቅ ዘመድ ያመላልስላቸዋል። ዘመድ የሌለው እስረኛ በዓይናችን እያየነው ይከሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ስንመጣ የለም። የእኛ ሰው አገሩ ሩቅ ነው፤ የሚጠይቀው አልነበረም። እናቴ መጀመሪያ የሄደች ዕለት ባዶ እጇን ሄዳ ለመነችው። «እመት፣» አላት፣ «ረሀቡ አእምሮዬን ወስዶታል። እህል ብቀምስ ሳይታወሰኝ አይቀርም።»

በማግሥቱ የገብስ ቂጣና ሽሮ ይዘን ሄድን። በር ላይ ያለው አስካሪ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ ቂጣውን ለሁለት ገምሶ ውስጡን ያያል፣ ከግማሹ ቆንጥሮ ለራሱ ያስቀራል፣ ያሳልፈናል። ሰውየው በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ። «የገዛት ሰው ግራጫ በቅሎ ነበረችው፣ ጆሮዋ የተቆረጠ» አለ። እናቴ ይህን ይዛ እንደ ታቦት አክብራ ወደ ቤት ገባች። ግራጫ በቅሎ፣ ጆሮዋ የተቆረጠ። የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ ስትጠይቅ ከረመች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤቱ ዋርካ ሥር ነው አለ። ሌላ ጊዜ ጭልጋን አልፎ ነው አለ። አጎቴ ጭልጋ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ እግሩ አብጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ ባዶውን ተመለሰ። ስንነግረው ሰውየው ቂጣውን እያኘከ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ከጭልጋ ወደ ግራ ይሆናል» አለ። አጎቴ ከዚያ በኋላ አልሄደም። ብዙም ሳይቆይ ጫካ ገባና ከአርበኞቹ ጋር ሳለ ሞተ። እሱን አልቅሰን ቀበርነው፤ እሱስ የሚለቀስበት መቃብር አለው።

እንዲህ ነው ዓመታቱ ያለፉት። የሰውየው ፍርድ ለእኛ ሥራ ሆነ። እናቴ ትጋግራለች፣ እኔ እሸከማለሁ። ቤት ውስጥ እህል ሲያንስ የሚቀነሰው ከእኛ ድርሻ እንጂ ከሱ አይደለም። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ «ያ አማችሽ እንዴት ከረመ?» ይሉኛል። ስቀው ነው የሚሉት፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። ምን ልበላቸው? እናቴን ግን ደፍሮ እንዲህ ያላት የለም።

አንድ በጋ እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። እሱንም ያዘው። እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ቀጥቅጣ፣ አጥሚት አሙቃ በማንኪያ አጎረሰችው። አስካሪው ራሱ ሸሽቶ በሩቅ ቆሟል። ሸሚዙን እኔ ወሰድኩ፤ ቅማሉን በፈላ ውሃ ገድዬ፣ ወንዝ ወርጄ አጥቤ፣ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። ሳጥበው ብጠላው ኖሮ ደህና ነበር። አልጠላሁትም፣ አላዘንኩለትም። እጄ ያጥባል፣ እኔ የለሁም። ልቤ ደንዝዞ እንደ ተኙበት እግር ሆኖ ነበር፤ ቢወጉትም አይሰማ።

የክርስትና ስሙን ጠይቃው እናቴ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስያዘችለት። ከሁሉ ከሁሉ አንጀቴን የቆረጠኝ ይኼ ነው። ለእህቴ እኮ ምንም ማድረግ አልቻልንም። በሕይወት አለች እንዳንል አላየናት፣ ሞታለች ብለን ፍትሐት እንዳናስፈታ፣ ተዝካር እንዳናወጣ ወሬዋ የለ። እናቴ በየለቅሶው ሄዳ የሰው ሬሳ ላይ ታለቅሳለች፣ ቤቷ ስትመለስ ደረቷን ይዛ ትቀመጣለች። የራሷን ማልቀስ አልተፈቀደላትም፤ ብታለቅስ ልጇን በገዛ አፏ መግደል ይመስላታል። ሰውየው ዳነ። ቤተ ክርስቲያን ሄደን አመስግነን ተሳልመን ተመለስን።

ከዚያ መድፍ መሰማት ጀመረ። ጣሊያን ሊሄድ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ስለ ነፃነት ሲያወራ እናቴ በሶ ትፈጭ ነበር። «ሲፈታ መንገዱን ራሱ ይመራናል» አለችኝ። «በቃል ሲነግረን ነው የጠፋን። በእግሩ ከሄደ አይስተውም።» ቁርጥማቱ ተመልሶባት ስለነበር ምርኩዝ አስጠረበች። እህቴ ከጠፋች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ጣሊያን እጁን ሲሰጥ ክረምት ነበር። የእስር ቤቱን በር ማን እንደከፈተው አይታወቅም፤ እስረኛው ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ተበተነ። ከአሥሩ ዓመት ግማሹን እንኳ አልጨረሰም። እናቴ ያመልጠናል ብላ ሰጋች፣ እኔም ያመልጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን በዝናብ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ቤት መጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ «እመት» አለ። የት ይሂድ? ወንዙ ሞልቷል፣ ርቦታል፣ እኛን ያውቃል።

አስገባችው። እሳት ዳር አስቀመጠችው፣ በላ። ከዚያ የበሶውን አቁማዳ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ወንዙ ጎደል ሲል እንነሳለን። ቤቱን ብቻ አሳየኝ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም፤ አልከስህም፣ አልረግምህም» አለችው።

አቁማዳውን አየ። እኔን አየኝ።

«ቤቱን አላውቀውም እመት» አለ።

«አካባቢውን አድርሰኝ እንግዲያ። ጠይቀን እናገኘዋለን።»

«አካባቢውንም አላውቅም። ከይፋግ ወዲያ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት። እየሄድን ተነጋገርን፣ ሲመሽ ተለያየን። ስሙንም አልጠየቅኩት። ወዴት እንደሄዱ አላየሁም።»

«በቅሎዋስ?» አለች እናቴ። «ዋርካውስ?»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ እውነተኛ ጥያቄ፣ ምንም ሳያፍር፣ እንዲህ አላት፤ «አላውቅም ብልዎ ኖሮ ስንቅ ያመጡልኝ ነበር?»

እናቴ አልጮኸችበትም፣ ውጣም አላለችውም። ተነስታ መቀነቷን ፈትታ እንደገና አጥብቃ ታጠቀች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ምርኩዟን ሳትይዝ ደጅ ወጣች፤ ዝናቡ ላይ ቆማ የእህቴን ስም ጠርታ እሪ አለች።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። «ማን ሞተ?» ሲሏት «ልጄ» አለች። «መርዶ መጣ? ማን አረዳሽ?» ሲሏት ደረቷን ደቃች። ሴቶቹ ደግፈው አስገቧትና ለቅሶ ተቀመጥን። እናቴ በዚያን ዕለት ያለቀሰችው ከወንዛዬ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ ያለውን ነው። እኔ ለለቀስተኛው ንፍሮ ቀቀልኩ። ስንዴውንም ባቄላውንም ለቀምኩ፣ አጠብኩ፣ ጣድኩ። እንባ አልመጣልኝም።

ሰውየው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ጸጉሩና ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ ስለነበር ማንም አላወቀው። ንፍሮውን በሰፌድ ይዤ ስዞር እሱም ጋ ደረስኩ፤ አላለፍኩትም፣ ዘግኜ ሰጠሁት። አጠገቡ የተቀመጡት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ከሩቅ የመጣ ዘመድ መስሏቸው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት።

«አሜን» አለና በላ።