ኩላሊቱ የቀለጠው ሰውዬ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሱሪዬን ነው። ቀበቶዬ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሶ እንኳ ከወገቤ ይንሸራተታል። ሳሉ ወር አልፎታል፤ ስተኛ በላብ እጠመቃለሁ። ጊዜው የኢሕአዴግ ነው፣ ሞባይል ሐዋሳ ገና አልገባም። መሃል ከተማ ሂሳብ አስተምር ስለነበር በጠመኔ አቧራ አሳበብኩ።

ጤና ጣቢያ አክታዬን መርምረው የሳንባ ቲቢ ነው አሉኝ። አላመንኩም። በባሕርዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ብልቃጡ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ይሆናል ብዬ እንደገና አስመረመርኩ። ያው ሆነ። በየቀኑ እየሄድኩ እንክብሎቹን ነርሷ ፊት እንድውጥ ታዘዘልኝ። ስለ መድኃኒቱ ብዙ ነገረችኝ፤ እኔ ግን ማሸጊያው ላይ የአገልግሎት ማብቂያውን ስፈልግ አልሰማኋትም።

በማግስቱ ሽንቴ ቀላ። ያን ዕለት ፒያሳ፣ ልብስ ሰፊው ሸምሱ ዘንድ ሄጄ ጥቂት እያወጋን ሱሪዬን አስጠበብኩ።

የእኛ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ከብርቱካኑ ጋር አንድ ወሬ ይዞ ይመጣል። ጎረቤታችን እትዬ ፅጌ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ ይሄን መድኃኒት ይተዉት። እዚሁ ሐዋሳ አንድ ሰውዬ ኩላሊቱን አቅልጦት፣ ደም ሸንቶ ሞተ አሉ።»

በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ጠያቂዎች ይህንኑ ነገሩኝ። ሦስት ሰው ካለውማ እውነት ነው ብዬ ደመደምኩ። የሂሳብ መምህር ነኝ እኮ! መድኃኒቱን ተውኩት። ከጤና ጣቢያ ሰው ሊፈልገኝ ሲመጣ ባለቤቴን «የለም በይው» አልኳት።

ትኩሳቱ ተመለሰ። መብላት ተውኩ። አንድ ጠዋት ሳልኩ። መሐረቤ ደም ሆነ። ትንፋሽ አጠረኝ። ልሞት ነው አልኩ። ፈራሁ።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ለምን እንዳቋረጥኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ከሚውጧቸው እንክብሎች አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንት ያቀላል። የመድኃኒቱ ቀለም ነው እንጂ ደም አይደለም። የሚገድልዎት ማቋረጥዎ ነው።»

«ዋሹኝ ማለት ነው?»

«ዋሾ እውነቱን እያወቀ ነው የሚዋሸው። እነሱ ግን አዝነውልዎት፣ አምነውበት ነው የነገሩዎት። ይሄ የተሳሳተ መረጃ ይባላል። ጉዳቱ ግን ያው ነው።»

አልተዋጠልኝም። ይህን ወሬ ሆን ብሎ የፈጠረ ሰው መኖር አለበት፤ ገበያ የቀረበት የባህል ሐኪም ይሆን? ወይስ እኔን የማይወደው ዳይሬክተራችን? ከዳንኩ በኋላ አፈላልጌ ላዋርደው ለራሴ ማልኩ።

የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ተጨምሮልኝ ሕክምናውን እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ባለቤቴ የዓሣ ሾርባ እየሠራች፣ እኔም መጀመሪያ እስከ በራችን፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ፣ በኋላም ሐይቅ ዳር ድረስ በእግሬ እየሄድኩ፣ ወራት ሲያልፉ ሥጋ መልበስ ጀመርኩና ያ የጠበበ ሱሪ አልቆለፍ አለኝ። ስፌቱን ለማስፈታት ወደ ሸምሱ ሄድኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ጋሼ፣ ተረፉ!» አለኝ።

«ተረፍኩ። ያ ኩላሊቱ የቀለጠው ሰውዬ ግን ማን እንደሆነ ሰምተሃል?»

መቀሱን አስቀመጠ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ? ሱሪውን ስለካዎት፣ ሽንቴ ደም መስሏል፣ መድኃኒቱ ኩላሊቴን ሳያቀልጠው አይቀርም አሉኝ። ደንግጬ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ አንድ ሰውዬ መድኃኒት ኩላሊቱን አቅልጦት ደም ሸና፣ ጸልዩለት አልኩ። እትዬ ፅጌም ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጥተው ሰምተዋል። ስምዎን ግን ወላሂ አልጠራሁም! ገበናዎን ላውጣ?»

«ሞተ» የሚለውን ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ማን እንደጨመረበት አላውቅም። አፍሬ ሳቅኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ነርሷን፣ ሐኪሟን፣ ባለቤቴን አመሰግናለሁ። እትዬ ፅጌንና ሸምሱንም እንዲሁ፤ ለእኔው አስበው ነበር። የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ሽንታችሁ ቢቀላ ነርሷን ጠይቁ፤ ዳናችሁ ሲመስላችሁም እስከ መጨረሻው ዋጡ። ጠያቂ መጥቶ «አንድ ሰውዬ» ሲላችሁ ደግሞ ከማን እንደሰማ ጠይቁት። እኔ ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ ፅጌ ወደ ሸምሱ፣ ሸምሱም ወደዚያው አልጋዬ፣ ወደ ራሴው ይመልሰኝ ነበር።