ተክሌን በዕድሩ ቃሬዛ የወሰድን ዕለት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በቁጠባ ሆኖ እሑድ እሑድ ታክሲ ብርቅ በነበረበት ወቅት ነው። ዛሬም ሰው «ደረቴን ብርድ መታኝ» ሲል ከሰማሁ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ዝም ብዬም አላልፍም።

የምንኖረው ልደታ፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወረድ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ተክሌ ጫማ ሠሪ ነው። ጉልበቱን የሚያምን፣ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር የማይወድ፣ «እኔን የሚያመኝ ሥራ ስፈታ ነው» የሚል ሰው።

የዚያን እሑድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ቆዳ ሲቆርጥ ድንገት ቢላዋውን አስቀመጠና ደረቱን ያዘ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም አይደል፣ ብርድ ነው። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ» አለኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አረጋሽ ወዲያው ፌጦ በሎሚ በጥብጠው፣ ቅቤ አሙቀው ደረሱ። ደግ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩን ሲያሹ የኖሩ። «ሸሚዝህን አውልቅ። ላሽህና ተከናንበህ ተኛ፤ በላብ ይወጣል» አሉት።

ላቡ ግን ማንም ሳያሸው እየወረደ ነበር። ግንባሩን ብነካው ቀዝቅዟል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወረደ፤ ቆይቶ ደግሞ «መንጋጋዬን» አለ። ጋደም ቢልም አልተወውም። ታላቅ ወንድሜን ያጣሁት እንዲሁ ነው፤ ብርድ ነው ብሎ፣ ፌጦ ጠጥቶ፣ ተከናንቦ ተኛ። አልነቃም።

«አይሆንም! አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኩ።

ተክሌ «በእግሬ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን መቃኑን ይዞ ቁጭ አለ። እኔ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ፤ ታክሲ የለም። ያን ጊዜ ነው የዕድራችን ቃሬዛ ትዝ ያለኝ።

ቃሬዛው አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሸኝበት ነው፤ ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ጋሽ ንጋቱ ዘንድ ነው። እሳቸው ደግሞ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ናቸው። በዚያን ጊዜ ስብሰባ ማቋረጥ ቀልድ አልነበረም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ገባሁ።

«ጓዲት፣ ዕድል ሳይሰጥሽ አትናገሪ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ባሌ ሊሞትብኝ ነው፣ የምን ዕድል ነው! ጋሽ ንጋቱ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ። ቃሬዛውን እፈልገዋለሁ።»

ጋሽ ንጋቱ አማተቡ። «ምን ዓይነት ሟርተኛ ነሽ? ሰውየው እኮ አልሞተም!»

«ስላልሞተ እኮ ነው የምፈልገው! ከሞተማ ሁላችሁም ትሸከሙት የለ? አሁን ተሸከሙልኝ። በኋላ ለቅሶ ባትደርሱኝ አልቀየምም!»

ሊቀመንበሩ ወደ ወንዶቹ ዞረና «ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ እንጂ» አለ። እውነቱን ለመናገር ከሱ አልጠበቅኩም ነበር። ጋሽ ንጋቱም እያጉረመረሙ ሄደው ከፈቱ።

ተክሌ ቃሬዛውን ሲያይ «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እዚያ ላይ አልወጣም!» አለ።

«ሞተህማ መውጣትህ አይቀርም። አሁን በሕይወትህ ውጣ» አልኩት።

ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ ጀርባውን በትራስ ደግፈን አወጣነው። መንደሩ ቃሬዛውን ሲያይ እሪታው ቀለጠ። ደጇ ላይ ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን «ወይኔ ተክሌ!» ብላ ደረቷን ስትደቃ፣ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ በተቆራረጠ ድምፅ «ኧረ አለሁ፤ ልብስሽን እጠቢ» አላት። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔ ሳቅም ልቅሶም አልመጣልኝም፤ ከፊት ከፊት እየሮጥኩ «መንገድ ልቀቁ!» እላለሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ «ሬሳ ክፍል በዚያ ነው» አለን። «ሬሳ አይደለም!» ብለን ሁላችንም ባንድ አፍ ጮህንበት።

ሐኪሙ መረመረውና ልቡ መሆኑን ነገረን፤ ወደ ልቡ ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘግቶ ነው አለ። ለሕክምና አስገቡት። በኋላ ወጥቶ እንዲህ አለን፦ «ደረትን እንዲህ ጨምድዶ ሲይዝ፣ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ቤት ቁጭ ብላችሁ አትከራከሩ። ይዛችሁ ኑ። ብርድ ነው አይደለም የሚለውን ለኛ ተዉት።» ጋሽ ንጋቱ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ተክሌ ተረፈ። መድኃኒቱን እየዋጠ ብዙ ዓመት ጫማ ሠራ፤ ልጆቹንም ዳረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ሴትዮ በቁሜ ልትቀብረኝ ነበር» እያለ ያስቅብኛል። ይበል።

እኔም አሁን አርጅቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ደረቴን ያዘኝና አልለቅ ሲለኝ ማንንም ሳላማክር ተነሥቼ ሄድኩ። ጨጓራ ነው ብለው መለሱኝ። ሰምታ እየሮጠች የደረሰችው ልጄ «ለዚህ ነው እንዴ እንዲያ ያስሮጥሽኝ?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ! ነገም ከያዘኝ ነገም እሄዳለሁ። የሚሳቅበት ሰው እኮ ቤቱ የተመለሰ ሰው ነው።