ቅሬውን በስልክ የጠራሁበት ቀን

ወልድያ ውስጥ እንጀራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ተቀብዬ አማርኛ ይችል እንደሆነ አያለሁ። ጽሑፍ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ወይም ከዚያ አውጥቶ ለሌላው ፕሮግራም የሚያቀብል፣ ድራይቨር የሚሉት ነገር አለ። አንዳንዱ የዓለሙን ፊደል ሁሉ የያዘውን ዩኒኮድ ያውቃል፣ ፊደላችንን እንዳለ ያቀብላል። አንዳንዱ ግን ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ለውጦ ያስረክባል፤ ተበላሸብኝ ብሎ እንኳ አይናገርም። ለዚህ ብዬ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል ሁሉ የያዘ የመፈተኛ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ለማላውቀው ሰው ፕሮግራም እሱን ሳላሳልፍ እሺ ብዬ አላውቅም። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ዋናው የሚያሳፍረኝ እሱ ስለሆነ ነው።

አምና የትውልድ መንደሬ ቅሬ አስጠራኝ። መንደሬ ከመርሳ ብዙ አይርቅም። ቅሬ እኛ ዘንድ እስላም ክርስቲያን ሳይል ቀብር የሚያወጣ ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ጠሪው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ የሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። አሁን ግን አባሉ ግማሹ ግራና፣ ግማሹ ውርጌሳ፣ ግማሹም እንደ እኔ ወልድያ ገብቷል። ለሁሉም በአንዴ የስልክ መልእክት የሚልክ ነገር ሥራልን አሉኝ። የቅሬው ጸሐፊ የሟቹን ስም በስልኩ ሲሞላ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፤ ቅሬውን በሚመሩት ዳኛ ቤት ያስቀመጥኩት አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ከዚያ አውጥቶ ይልካል። አስገቢውና አውጪው የየራሳቸው ድራይቨር ነበራቸው። የማስገቢያውን በሙሉ ፊደሌ ፈተንኩት፤ አለፈ።

የማውጫውን የፈተንኩት በዳኛው ግቢ፣ ሰዉ በተሰበሰበበት ነው።

«አንድ ስም ስጡኝ» አልኩ።

«የማንን ስም?» አሉ ዳኛው።

«የማንንም ይሁን፤ ለሙከራ ነው።»

«በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብለህ ላገር ልትበትን? ምን ያለ ሟርት ነው! ተው አንተ ልጅ።»

እንግዲያስ በራሴ ስም ልላከው አልኩ። እናቴ እዚያው ነበረች፤ ብድግ ብላ «እትፍ! እትፍ! ከምኔው ልትገድለኝ ነው?» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔንም ቅፍፍ አለኝ። ስለዚህ በላቲን ፊደል «ቴስት» ብዬ ላክሁት። በግቢው ያለው ስልክ ሁሉ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ፣ ዳኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሰላም ዋላችሁ» የሚል የአማርኛ መልእክት ብልክ ማንም ሟርት አይለኝም ነበር። ሐሳቡ መጥቶልኝም ነበር፤ ግን ምስጋናው ጣፈጠኝና ኮምፒውተሩን ትቼ ከሰዉ ጋር ተቀመጥኩ። ጠሪውም ከእንግዲህ አይድከም ተባለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ነው። ኋላ እንደሰማሁት ሌላው ሰው የቴሌ ማስታወቂያ መስሎት አጥፍቶታል፤ እኔ ግን ገባኝ። ሰው ሞቷል፤ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። አነሳች። ድምጿን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በዚያች ደስታዬም አፍራለሁ፣ የሌላ ሰው እናት ወይም አባት ሞቷልና። እሷ ገና ምንም አልሰማችም። ጸሐፊው ጋ ስደውል ሟቹ ማን እንደሆኑ ነገረኝ፦ ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። የክርስቲያን ይሁን የእስላም፣ መቃብር ሲቆፈር ዶማቸውን ይዘው ቀድመው የሚደርሱ ሰው ነበሩ።

«ጠሪውን ጉብታው ላይ አስወጡት!» ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሙስሊም ጀናዛ ግን አያድርም፣ አይቆይም። ስደርስ ተቀብረዋል። ወሳንሳውን አጎራባቾቹ ብቻ ተሸክመውት፣ የሚተካቸው አጥተው መንገድ ላይ ሁለቴ አሳርፈውታል። ይህን የነገረኝ ሰው ቀና ብሎም አላየኝ።

ሴት ልጃቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች።

«አባቴ ማንን በደለ?» አለችኝ። «ከማን ቀብር ቀረ?»

«ሰዉ አልጨከነባችሁም» አልኳት። «ያስቀረሁት እኔ ነኝ። መልእክቱ ተበላሽቶ ነው የሄደው፤ ሳልፈትሸው ነው የሰጠኋችሁ።» ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት።

ተቀብላኝ አየችው። «የአባቴ ስም የቱ ጋ ነው?»

ጣቴን በጥያቄ ምልክቶቹ ላይ አድርጌ «ይኸኛው ነው» አልኩ። ይህን ስል ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስልኩን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ፊቷ ለስለስ አለ።

«አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ሰዉ እንዳይታማ ብለህ ጥፋቱን በራስህ ላይ አደረግከው። አባቴም እንዲህ ነበር።»

«በእናቴ እምላለሁ፣ እኔ ነኝ!»

«ተው አትማል፤ ገብቶኛል» አለችና፣ ከፍ ካለው መደብ ላይ ቦታ እንዲለቁልኝ ወደ ውስጥ ተጣራች።