ካሜራው የወጣበት ጣውላ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? ወጣት ሳለሁ በክፍል ውስጥ ስንከራከርበት መልስ ያለው ይመስለኝ ነበር። አሁን መልሱ ይቅርና ጥያቄው ራሱ በትክክል መጠየቁን እጠራጠራለሁ። ፊልም ሠሪዎች ግን እንደኔ አያመነቱም። የሰውን ሕይወት ወስደው፣ የሚጣለውን ጥለው፣ የሚቀረውን በአንድ ምሽት ያሳዩሃል፤ አንተም ዓይንህን ጠርገህ ወደ ቤትህ ትገባለህ። የጎረቤቴን የሻለቃን ሕይወት እንዲህ አድርገውታል። እሱ ካረፈ በኋላም ፊልሙ ይታያል፤ ይወደሳል። ጥሩ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን ሲቀረጽ ከካሜራው ኋላ ቆሜ ስለነበር ፊልሙ ውስጥ ያልገባውንም አይቻለሁ።

ሻለቃ ሻለቃ አልነበረም። ተራ ወታደር ሆኖ ዘምቶ ተራ ወታደር ሆኖ ተመለሰ፤ ሁለቱን እግሮቹን ከጉልበት በላይ ፈንጂ ወስዶበት። ማዕረጉን የሰጠው ሰፈሩ ነው።

“መንግሥት ያላሳደገኝን እናንተ ካሳደጋችሁኝ አይቀር፣ ጄኔራል ብላችሁ ብትገላገሉ ምን ነበር?” ይላል።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ “ጄኔራል ከሆንክማ ዕቃውን ማን ያጥባል?” ትለዋለች።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስለነበረው ጊዜ እሱ አያወራም። የነገረችኝ እሷ ናት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር፤ ሰው ሲመጣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ይስባል። አንድ ቀን ከሆስፒታል የተሰጠው ተሽከርካሪ ወንበር ኩሽኔታው ተሰብሮ ጎማው አልዞር አለ። የሚጠግን ሰው ታጣ። እሷ ወንበሩን ጎትታ አልጋው ድረስ አመጣችና የብሎን መፍቻውን ብርድ ልብሱ ላይ ጣለችለት። “እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው፤ ብረት አይገባኝም” ብላ ወጣች። ሲፈታ ሲገጥም ዋለ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር አላየችውም።

የብየዳ ቤቱ የተወለደው እንዲህ ነው። ከመኖሪያ ቤታቸው ጎን በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። ከብስክሌት ቸርኬ፣ ከአሮጌ አልጋ ብረት፣ ከተጣለ የቢሮ ወንበር ተሽከርካሪ ወንበር ይሠራባታል። ሲበይድ ፍንጣሪው እንዳያቃጥለው ጭኑ ላይ ወፍራም ቆዳ ያነጥፋል። አንድ ልማድ ነበረው፤ ሰውየውን ብቻ ለክቶ ወንበር አይሠራም። ቤቱ ድረስ ሄዶ በሩን ይለካል። “ሰውዬው ሽንት ቤት ካልገባበት ወንበር ሳይሆን ጌጥ ነው የሠራሁለት” ይላል። መጀመሪያ ወንበሮቹን በበሮቹ ልክ ያጠብብ ነበር። የመኖሪያ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የክሊኒኩን በር እየለካ ሲዞር ከርሞ ግን አንድ ቀን ሜትሩን ጠቅልሎ፣ “እኔ እኮ የተሳሳተውን ነገር ነው የማጠብበው” አለ። ለመብት የሚሟገት ሰው የሆነው ያን ዕለት ይመስለኛል።

ትልቁ ሙግቱ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጋር ነበር። አሮጌ ሕንፃ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለው። መታወቂያ የሚያድስም፣ ልጅ የሚያስመዘግብም ያንን ደረጃ መውጣት አለበት። መጀመሪያ የሄደ ዕለት ጠባቂዎቹ በቅንነት ሊሸከሙት ጎንበስ አሉ።

“እኔ ጆንያ ነኝ?”

“ኧረ ለርስዎ አስበን ነው።”

“ካሰባችሁልኝ ጸሐፊውን ጥሩልኝ። እሱ እግር አለው።”

ጸሐፊው እየተነጫነጨ ወረደ፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ። በሌላ ጊዜም ወረደ። ወሬው ሲዳረስ ክራንች የያዙ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌዎች፣ መራመድ የማይችል ልጅ ያዘሉ እናቶች ከደረጃው ሥር መሰብሰብ ጀመሩ። ቦታው “የታች ቢሮ” ተባለ። ዝናብ ሲመጣ ሹማምንቱ ጃንጥላ ይዘው ይወርዳሉ። ሻለቃ አይሳደብም፤ የአንዱን ሹም ልጅ ፈተና፣ የሌላውን ሚስት ሕመም ሳይጠይቅ ጉዳዩን አይጀምርም። ግን አይለቅም።

እርዳታና መብት ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። የተሸከመህ ሰው ደግ ነው፤ ሲደክመው ግን ያስቀምጥሃል፣ የሚያስቀምጥህን ቦታ የሚመርጠውም እሱ ነው። ሻለቃ ይህን ንግግር ሳያበዛ፣ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ አሳየ። በሱ ጉትጎታ የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ወደ ምድር ቤት ወረዱ፣ የክሊኒኩ በር ሰፋ። ለሕንፃው የወንበር መወጣጫ ግን አላገኘም። ቅርስ ነው፣ ፊቱ አይነካም ተባለ።

ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ዳይሬክተሯ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ወጣት ሴት ናት። ሻለቃን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ወንበር መንዳት ሊማር ብየዳ ቤት ከርሟል። ያደገበት ጨዋነት ነበር ያስቸገረው፤ እየተቀረጸ ሳለ አንድ ሽማግሌ በሩን አልፈው ሲገቡ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

“ይኸው ድኗል” አለ ሻለቃ። “በሉ እኔንም በዚህ ፊልም አስገቡኝ።”

ጠቡ የተነሳው በድርሰቱ መጨረሻ ነው። ጀግናው ከወንበሩ ወርዶ ደረጃውን በእጁ እየዳኸ ይወጣል፤ ሕዝብ ያለቅሳል።

“እኔ መቼ ድኼ አውቃለሁ?” አለ ሻለቃ።

“ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው። ተመልካቹ ሲወጡ ማየት ይፈልጋል።”

“ይፈልጋ። ስንት ዘመን እዚያ ሥር የተቀመጥኩት ላለመዳኽ ነው። አንቺ በአንድ ቀን ልታስድኺኝ ነው?”

ሚስቱ ጣልቃ ገባች። “ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ለኔም አልዳኸም። ይቅርታ ሲጠይቀኝ እንኳ ግንባሩን ቋጥሮ ነው።”

ዳይሬክተሯ ሳቀች። በማግስቱ ድርሰቱን ቀይራ መጣች። ሰውየው ከደረጃው ሥር ይቀመጣል፤ ሹማምንቱ አንድ በአንድ ይወርዱለታል፤ ካሜራው ከሕንፃው አዳራሽ በር ተነስቶ አብሯቸው ይወርዳል። ለዚህ ደግሞ የካሜራው ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ያስፈልግ ነበር። አናጢዎች መጡ። ድንጋዩ እንዳይጫር ላስቲክ አነጠፉ፤ በላዩ ከደረጃው ሥር እስከ አዳራሹ በር ጣውላ ገጠሙ። ካሜራው እንዳይንገጫገጭ ተዳፋቱን ለዘብ አደረጉት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። የሕንፃው ኃላፊ ራሳቸው ወርደው ጣውላው ላይ ቆመው ከተዋናዩ ጋር ፎቶ ተነሱ።

ሻለቃ ቀረጻው እስኪያልቅ ጠበቀ። ሁሉም ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ወንበሩን ወደ ጣውላው አዞረና ጎማዎቹን ገፋ። ማንም አልነካውም። አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ የቀለሙን መላላጥ አየ። ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

“ይለፉ፣ አባቴ” አለችው ከፊቱ ያለችው ሴት።

“አይ፣ ልጄ። ወረፋዬን ተይልኝ።”

የጸሐፊው መስኮት ጋ ሲደርስ ከከፍታው የተነሳ ግንባሩ ብቻ ታየ። ጸሐፊው ተነስቶ ቁልቁል አየው። “ሻለቃ? ምን ፈልገው መጡ? ቢልኩብኝ እወርድ የለም እንዴ?”

“ምንም አልፈለግሁም። ወረፋ ልይዝ ነው የመጣሁት።” መስኮቱን በእጁ ለካው። “በዚህ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።”

ሲወጣ አናጢዎቹ መፍቻ ይዘው በር ላይ ይጠብቁት ነበር። ጨዋዎች ናቸው፤ እስኪያልፍ አልጀመሩም። እሱ ግን አላለፈም። ዳይሬክተሯን አስጠራት።

“ይሄን አታንሱት።”

“ጋሼ፣ ጣውላው የኪራይ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።”

“የብረት መወጣጫ በይጄ እስክጨርስ ብቻ።”

“በኔ በኩል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ፈቃዱ የኃላፊው ነው።”

ኃላፊው የመኪናቸውን በር ከፍተው ነበር። “የተፈቀደው ለፊልም ነው፣ ሻለቃ” አሉ። “ቅርሱን ያውቁታል።”

“ከሥሩ ላስቲክ አለው፤ ድንጋዩ አልተነካም። ለካሜራ የፈቀዱትን ለሰው ይፍቀዱልኝ።”

“እሱ ከኔ በላይ ነው” ብለው ገቡ።

ዳይሬክተሯ አንገቷን ደፋች። ሻለቃ ወንበሩን በሩ ላይ፣ ጣውላው መጀመሪያ ላይ እንዳቆመ ነበር። ድምፁን ሳያነሳ፣ አናጢዎቹንም ጭምር እያየ ተናገረ።

“ፊልሙን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ስሜንም ብትፈልጉ ከውስጡ አውጡት፤ ከፈለጋችሁ ደግሞ አስድኹኝ፣ አልጣላችሁም። ይሄን ጣውላ ግን ተዉልኝ።”