የነቀልኩት በር

የሰው በር ስገጥም ኖሬ የገዛ ልጄን በር የነቀልኩ ሰው ነኝ። ዓለም ባንክ አካባቢ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። በሥራዬ ማንም አያማኝም፤ ስለ አባትነቴ ግን የሚጠይቀኝ ባይኖር ይሻለኛል።

ልጄ ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበረች። ቀልድ የምታውቅ ልጅ ናት፤ የደንበኞቼን አነጋገር እያስመሰለች እራት ላይ ታስቀን ነበር። በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ቀልዱ ቀረ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ምግብ ቀነሰች፤ ፀጉሯን እንድትታጠብ እንኳ እናቷ መለመን ነበረባት። ምን ሆነሽ ስንላት "ደብሮኛል" ትላለች። የሰፈራችን ጎረምሳ ሁሉ ታክሲ ሲዘገይበት የሚለው ቃል ነውና ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

መምህሯ ደውላ ልጅቷ ደህና አትመስለኝም፣ ሐኪም ብታሳዩዋት ስትለኝ፣ ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለእኔ ነገሩ ጥጋብ ነበር። እኔ በእሷ ዕድሜ ብረት ስሸከም እውል ነበር። ክፍልም አልጋም ያላት ልጅ ምን ጎድሏት ታዝናለች? ያንን በር እንኳ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ በእጄ የሠራሁላት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከበሩ ጀርባ ስታለቅስ ሰማኋት። እናቷ ውጭ ቆማ ታባብላታለች። በቤቴ የሚዘጋብኝ በር የለም አልኩና መሣሪያዬን ይዤ መጣሁ። ክፈቺ ስላት ከፈተችልኝ፤ እኔ ግን እልክ ይዞኛል። ሚስቴ ተው ብትለኝም አልሰማኋት። በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ ጓሮ ከቁርጥራጭ ብረቱ ጋር አቆምኩት። ልጄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ለቅሶው ቆመ። እኔም ኮራሁ። እድር ላይ፣ ልጄ አልታዘዝ አለችኝ ላለኝ ጎረቤቴ፣ በሯን ንቀልላት፣ በሳምንቱ ትስተካከላለች ብዬ መከርኩት። ዛሬ ያንን ሰው መንገድ ላይ ሳየው ፊቴን የማዞርበት አጣለሁ።

ሚስቴ ግን እንደኔ አልተታለለችም። አንድ ጠዋት ልጃችን መኖር እንደሰለቻት ስትነግራት፣ እኔን ሳታማክር ቤቴል አንድ ክሊኒክ ወሰደቻት። በሦስተኛው ቀጠሮ አባትየውም ይምጣ ተባለ። ወጣቷ ሐኪም ሕመሙ ድባቴ እንደሚባል፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችንም እንደሚይዝ፣ ስንፍናም ጥጋብም እንዳልሆነና በሕክምና እንደሚሻል በእርጋታ አስረዳችኝ። እኔ ልከራከር ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። በሩን ከነቀልኩት ወዲህ እኮ አልቅሳ አታውቅም አልኳት። ሐኪሟ ዞር ብላ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጄን አየቻት።

ልጄ ጣቶቿን እያየች፣ "አባዬ፣ ማልቀስ አላቆምኩም። ድምፅ ሳላወጣ ማልቀስ ለመድኩ እንጂ" አለችኝ።

ቁጣ የለበትም። ሰው ሰዓት ሲጠየቅ እንደሚመልሰው ነው የነገረችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ፤ እንደ እሷ ግን አልቻልኩበትም፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማኝ።

በዚያው ቀን በሩን ከጓሮ አነሳሁት። ዝገት ጀምሮታል። ፍቄ ቀለም ቀባሁት፤ ማጠፊያውን ዘይት አጠጥቼ ቦታው መለስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሚስቴ ቀለሙ ወለሉን እንዳይነካ ጋዜጣ አነጠፈችልኝ።

ልጄ አሁን ሻል ብሏታል። ሕክምናዋን አላቋረጠችም፤ አንዳንዴም ትቀልዳለች። የከፋት ቀን ለእናቷ ትነግራታለች። እኔም ማታ ማታ ከሥራ ስገባ በሯን አንኳኩቼ፣ ክፈት እስክትለኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደህና ዋልሽ ስላት ደህና ነኝ አባዬ ትለኛለች፤ ፈገግም ትልልኛለች። እውነቷን ይሁን አይሁን ግን ለይቼ አላውቅም። ከእኔ መደበቅን ያስተማርኳት እኔው ነኝ።