የፋሲካው በሬ ሞራ

የበሬ ሆድ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው አንጀቱ አይደለም፤ አንጀቱን ከላይ የሸፈነው ሞራ ነው። ስስ ነው፤ ነጭ ስብ እንደ መረብ ተሠርቶበታል፤ በመካከሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሄዳሉ። ሥራው ሆድ ዕቃን መጠበቅ ነው። ሞራ የሚያነቡ ሽማግሌዎች ግን የባለቤቱ ዕጣ እዚያ ላይ ይታያል ይላሉ። እኔ አላምንም። ያን ጊዜም አላምንም ነበር፤ ግን አለማመኔ ለማንም አልጠቀመም።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነበር። ዘመኑ ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱን ከየመንገዱ የሚያፍስበት ነው። እናቴ ታላቅ ወንድሜን በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ጣውላ አጋድማ ደበቀችው፤ ለጎረቤት «አዲስ አበባ ሥራ ይዟል» አለች። እውነቱን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ቀን ቀን በዚያ ሙቀት ተንጋሎ ይውላል፤ ሲመሽ ወርዶ ይበላል። ሳል ሲመጣበት ጋቢውን ይነክስ ነበር።

የሰፈሩ ቅርጫ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታረደው እኛ ግቢ ነው፤ ሰፊ ነዋ። እናቴ ዘንድሮ አይሆንም ብትል «ምን ደብቃ ነው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ለፋሲካ የተገዛው በሬ እኛው ግቢ አደረ፤ ጠዋት ባለድርሻዎቹ ቢላቸውንና ሳፋቸውን ይዘው መጡ። አንዱ ባለድርሻ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። በክብር ወንበር አውጥተን በረንዳው ላይ አስቀመጥነው። ወንድሜ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሰውየው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ተኝቷል።

በሬው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ሞራው ወጣ። የሚያነቡት አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የተናገሩት መሬት ጠብ አይልም ይባልላቸዋል። ጴንጤው ጎረቤታችን «እኔ ይህን አልሰማም» ብለው ወደ አጥሩ ፈቀቅ አሉ፤ ጆሯቸው ግን እኛው ዘንድ ቀርቶ ነበር።

ሽማግሌው ሞራውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ አነሱት። አገላበጡት። ደሙ በክንዳቸው ይወርዳል። ቆዩ፤ በጣም ቆዩ።

«እህ አባባ፣ ምን ይላል?» አለ ሊቀመንበሩ እየሳቀ። «አድኃሪ ልማድ ነው፤ ግን በዓል ስለሆነ እስቲ ይንገሩን።»

ሰዉ አብሮት ሳቀ። እሱ ሲስቅ አለመሳቅ አይቻልም ነበር።

ሽማግሌው ሞራውን አጠፉና ለአራጁ አቀበሉት። «ሥጋው ደኅና ነው፤ ብሉ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሳቁ ቀጥ አለ። መጥፎ ሞራ በባለቤቱ ፊት እንደማይነገር ሁሉም ያውቃል። ያልታወቀው መጥፎነቱ ለማን እንደሆነ ነው፤ በሬው የጋራ ነዋ። እርስ በርስ ሲተያዩ አንዷ ጎረቤት ቀስ ብላ፣ «ሞራው የሚናገረው በሬው ስላደረበት ቤት ነው ይባላል» አለች። ያኔ የሁሉም ዓይን ወደ እናቴ ዞረ። የሊቀመንበሩም።

«እትዬ፣ ልጅዎ ለበዓል እንኳ አልመጣም?» አላት።

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ድርሻውን አሸክሞ ሄደ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ሰዉ እንደወጣ እናቴ በሩን ቆልፋ፣ «ነገ ይወጣል» አለችኝ።

«ሽማግሌው ዝም ስላሉ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ማን አወቀብን? ማን መጣብን?»

«ዝም ያሉት ያዩትን አይተው ነው። እዚህ ቤት ከተያዘ ያልቅለታል።»

ወንድሜ ከላይ ሆኖ ይሰማናል። «እማዬ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» አለ። ማን ሰምቶት። እናቴ በደኅናው ቀንም ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት፤ ስትፈራ ደግሞ ይብስባታል።

ማለዳ ላይ፣ ይርጋለም ከተማ ያለችው አክስታችን ዘንድ ሊያደርሰው የተስማማ ሹፌር የጭነት መኪናው ላይ ከጆንያ ሥር አስተኛው። ከከተማው መውጫ፣ ኬላው ላይ፣ ወታደሮች ጆንያዎቹን አስወረዱ። ወንድሜን ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ወሰዱት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኛ ግን ራሳችን ተሸክመን አደረስነው። ቤታችንን ሊፈትሽ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ኋላም አልመጣም።

ዓመት ሳይሞላ አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ ተመለሰና መርዶውን አመጣ።

ሽማግሌው በትራቸውን እየደገፉ ለቅሶ ደረሱ። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ያን ቀን ሞራው ላይ ምን አዩ? አሁን ይንገሩኝ፤ ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል።»

በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ምንም አላየሁም፣ ልጄ» አሉ። «ዓይኔ ያኔም ደክሞ ነበር። ነጭ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ የደም ሥሩን መለየት አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላይም ማለት አፈርኩ። ምነው ጠየቅሽኝ?»

እኔ አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጉልበቴን ጨበጠችው።

«እንዲያው ነው፣ አባባ» አለቻቸው።

ክንዳቸውን ይዛ እስከ በር ሸኘቻቸው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «ልጄን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»